እኩያዬ ብዕር

በመቐለ ከተማ ዕድሜውን እንደ እኔ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ "ጀመረው ደግሞ" ይሉ ይሆናል፤ ይበሉ። እኔ ዕድሜዬን በደንብ ከማወቄ የተነሣ ሦስት ዕድሜ አለኝ። አንደኛው ትምህርት ቤት ስገባ የተመዘገበልኝ ነው፤ በእሱ የተወለድኩት በስልሳ አምስት ነው። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ስቀጠር በእጄ የሞላሁት ነው፤ በእሱ የተወለድኩት በስልሳ ስምንት ነው። ጡረታ እንዳይቸኩልብኝ አስቤ አይደለም፤ የዚያን ቀን ወጣትነት ስለተሰማኝ ነው። ሦስተኛው እናቴ ዘንድ ያለው ነው፤ እሱን ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ሁለት ዕድሜ ያለው ሰው ሦስተኛ ፍለጋ ምን ያንከራትተዋል።

ከሁሉም የምወደው ስልሳ አምስትን ነው። ምክንያቱ ደግሞ የሚስቴ ወንድም ነው።

ሚስቴ የወሎ ልጅ ነች፤ እኔ እዚሁ መቐለ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ነኝ። ሓድነት ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ስንጣላ ብቻ እኔ ወደ ትግርኛዬ፣ እሷ ወደ ዝምታዋ እንሄዳለን። ወንድሟ ከተጋባን በኋላ እሷን ተከትሎ መጥቶ መሀል ከተማ ሱቅ ከፈተ። የታሸገ ምግብ፣ ሳሙና፣ ቅባት ይሸጣል። እሱ በስልሳ ስድስት መወለዱ ያለቀለት ጉዳይ ነው፤ የክርስትና አባቱ እስካሁን ቀኑን ከነሰዓቱ ይናገራሉ። እንግዲህ አስሉት። በስልሳ አምስቱ ከሄድን ታላቁ ነኝ፤ በስልሳ ስምንቱ ከሄድን ታናሹ ነኝ። መጀመሪያ ስንተዋወቅ የትኛውን እንደነገርኩት ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ "ኣያ" ይለኛል። "ኣያ" በእኛ አገር ለታላቅ ወንድም የሚሰጥ የክብር ስም ነው፤ ከወሎዬ አፍ ሲወጣ ደግሞ ቅቤ የተጨመረበት ይመስላል። ወደ ቤት ስገባ ከወንበሩ ይነሣልኛል። ማዕድ ሲቀርብ ውኃው መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣል። ሁለታችን ክርክር ስንገጥም "ታላቅ ነህ እንጂ መልስ ነበረኝ" ብሎ ዝም ይላል፤ በዚህ ዘዴ ያሸነፍኩትን ክርክር ብደረድረው እስከ ዓዲግራት ይደርሳል። ፀጉሬ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ መሸበቱም ሳይረዳኝ አልቀረም። ሌላው ሰው ሽበት ሲያይ ቀለም ይገዛል፤ እኔ መስታወት ገዛሁ።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ያህል ነበር። የልጃችን ሠርግ እስኪደርስ ድረስ።

ልጃችን ስል እኔና ሚስቴ ልጅ አልወለድንም። የሚስቴ እኅት ስትሞት አንዲት ሕፃን ትታ ነበር፤ እሷን እኛ ቤት አመጣናት። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ጫማና ዩኒፎርም ሲያሟላላት የኖረው ደግሞ አጎቷ፣ ያ ባለሱቁ ነው። እኔን "ባባ" እሱን "አጎቴ" ትላለች። አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ናት፤ ሸሚዝ ለብሼ በፊቷ ካለፍኩ መጀመሪያ የምታየው ፊቴን ሳይሆን የኮሌታዬን ስፌት ነው። ያ ክፉ ጊዜ ካለፈ ወዲህ በቤታችን ድንኳን ሊጣል ሲል የመጀመሪያው የእሷ ነበር። ድንኳን ለደስታም እንደሚጣል ረስተነው ነበር ማለት ይቻላል።

የጋብቻ ውሉ ቤታችን ውስጥ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ይፈረማል ተባለ። ታዲያ በአባቷ ቦታ ሆኖ የሚመርቃትና በእሷ በኩል መጀመሪያ የሚፈርመው ማነው? እኔ? ወይስ አጎቷ? ሚስቴ ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ሳትል ፈረደች።

"ታላቃችሁ ይፈርማላ።"

በሕይወቴ ያልቀለድኩበት ነገር ጥቂት ነው፤ በቀብር ላይ እንኳ ቀልጄ ተቆጥተውኛል። በዚህ ግን አልቀለድኩም። ያቺን ልጅ "ሀ" በይ ብዬ ጣቷን ይዤ ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። በስሟ ትይዩ፣ ከሁሉም በላይ ባለው መስመር ላይ፣ ፊርማዬ እንዲያርፍ ፈለግሁ። ሁለተኛው መስመር ለእኔ መስመር አልነበረም።

ብዕሩን ያመጣችው ራሷ ናት። አንድ ምሽት ስልኳን አቀበለችኝና፣

"ባባ፣ እየው፤ ውጭ አገር ሰዎች በተወለዱበት ዓመት የተሠራ የቀለም ብዕር መርጠው ይገዛሉ። ፋብሪካው ዓመቱን ብዕሩ ላይ ያትማል። አንተም የኔን ውል በእንደዚህ ዓይነት ብትፈርም" አለችኝ።

ለማን እንደምትናገር ታውቃለች። የእጅ ጽሑፌን በተመለከተ ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ከገባ በኋላ እንኳ ቃለ ጉባኤ በእኔ እጅ ካልተጻፈ ስብሰባው የተካሄደ አይመስላቸውም። የሓድነት ሰው ለሠርግ ጥሪ ፖስታ የሚያስጽፈው እኔ ዘንድ መጥቶ ነው፤ በእኔ እጅ ስሙ የተጻፈበት ሰው ከሠርግ ቀርቶ አያውቅም፤ የቀሩም ካሉ ፖስታው ያልደረሳቸው ናቸው። በእስክሪብቶ ስጽፍ ግን በሰው ማንኪያ የምበላ ያህል ይሰማኛል። እናም እኩያዬ የሆነ ብዕር የሚለው ሐሳብ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ያልነገርኳት ሁለተኛ ምክንያትም ነበረኝ። ስልሳ አምስት ተብሎ የተወቀረበት ብዕር በሽማግሌዎች ፊት ከኪሴ መዝዤ ስፈርም፣ ታላቅነቴን ብረት መሰከረልኝ ማለት ነው።

ገበያው ዳር አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አለ። እሱም ከወሎ የመጣ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ምላሱ ግን የማያርፍ ነጋዴ ነው። ፋኖስ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ባለቤቱ የጠፋ ቁልፍ፣ ቁልፉ የጠፋ ሳጥን፣ ሁሉም አለው። ብዕሮቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚያስቀምጣቸው።

"የየትኛው ዓመት ነው የምትፈልገው ጋሼ?"

"የስልሳ አምስት። የተወለድኩበት ነው።"

"አብሽር" አለኝ። ወሎዬ "አይዞህ" ማለት ሲፈልግ እንዲህ ይላል። "አንተን ሲጠብቅ የኖረ ብዕር አለ።"

ቆርቆሮውን ጨርቅ ላይ ዘረገፈው። ቡናማ አለ፣ የጠጅ ቀለም ያለው አለ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ አለ፤ አንድ አጭር፣ ወፍራም፣ የሰናፍጭ መልክ ያለው ብዕርም ነበረ፤ እሱን በጣቴ ገፋ አድርጌ አለፍኩት። ነጋዴው ጥቁሩን አነሣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገቡ ላይ የወርቅ ቀለበት ያለው። ክዳኑ ሲነሣ ከሥሩ በጥቃቅን አኃዝ "65" ይላል። ጫፉን በጥፍሬ ነካሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። ውኃ ነክሬ በካርቶን ላይ ስሜን ጻፍኩ። ውኃ ሆኖም ያምር ነበር። የውስጡ ላስቲክ ደርቆ ስለነበር በአዲስ እንዲቀይርልኝ ተስማማንና ብዕሬን እንደ ሎሚ እያሸተትኩ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ ምሳ ላይ አጎትየው መጣ። ስገባ ተነሣልኝ፤ ውኃውም ቀድሞ ወደ እኔ መጣ። ሰዓቱ አሁን ነው ብዬ ብዕሩን ከሕልበቱ ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩት።

"ይህ እኩያዬ ነው" አልኩ። "ስልሳ አምስት። ሁለታችንም በአንድ ዓመት ወደዚህ ዓለም መጣን። እሱ የወርቅ ቀለበት አለው፣ እኔ የወርቅ ጠባይ አለኝ።"

አጎትየው አነሣው። ይህ ሰው ማንኛውም ነገር እጁ ከገባ ገልብጦ ሥሩን ያያል፤ የሱቅ አመል ነው። የሚያልቅበትን ቀን ሳያነብ የሰው ቤት ሳሙና እንኳ አይታጠብም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አኃዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ።

"ኣያ፣ ይሄ የት አገር ነው የተሠራው?"

"ውጭ አገር ነዋ። ውቕሮ ይሠራል ብለህ ነው?"

"ውጭ ከሆነማ ስልሳ አምስቱ የእነሱ ነው።"

"የእነማን?"

"የፈረንጆቹ። በእኛ ሲመለስ ሃምሳ ሰባት ነው።" ብዕሩን ቀስ ብሎ ሳህኑ አጠገብ መለሰው። "እኩያህ ከሆነ እንግዲህ ጡረታ ወጥተሃል። ነገ ቢሮ ብትሄድ ዘበኛው አያስገባህም።"

"ወይ ጉዴ" አለች ሚስቴ፣ "ሽማግሌ አግብቼ ኖሯል።"

ልጅቷ የጎረሰችው ትን እስኪላት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዘግይቼ። መሥሪያ ቤታችን ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ላይ የእነሱን ቀን ወደ እኛ የሚመልሰው ማነው? እኔ ነኛ። ለሰው ሲሆን ሰባትና ስምንት ስቀንስ የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ዕድሜ ላይ ስደርስ ስሌቱ ከአእምሮዬ ወጥቶ ሽርሽር ሄዷል። እንዲህ ያለ ስሕተት በሌላ አገር ሊሳሳቱት ቢፈልጉ እንኳ አይችሉም፤ እዚያ ያላቸው አንድ ዘመን ብቻ ነው።

አጎትየው ክፉ ሰው አይደለም። ጨክኖ አልገፋበትም።

"ምንም አይደል ኣያ፤ መልሰህ ቀይረው። የእኛ ስልሳ አምስት በእነሱ ሰባ ሁለት ወይም ሰባ ሦስት ነው፤ እንደተወለድክበት ወር።"

"በየትኛው ወር ነው ባባ የተወለድከው?" አለች ልጅቷ።

አላውቅም። በእኛ ጊዜ ሻማ እፍ የሚባለው መብራት ሲመጣ ነበር።

በማግስቱ ነጋዴው ዘንድ ተመለስኩ። ታሪኩን ስነግረው አላፈረም፤ "አኃዙ ስልሳ አምስት ይላል፣ አንተ ስልሳ አምስት አልክ፤ ሁለታችሁን አገናኘሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?" አለኝ። ከቆርቆሮው ቡናማውንና የጠጅ ቀለሙን አወጣ። ቡናማው "72" ይላል፤ የጠጅ ቀለሙ "73"። ሁለቱም ያምራሉ። ቡናማው የዳኛ ብዕር ይመስላል፤ የጠጅ ቀለሙ የሙሽራ። ዐይኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ ነጋዴው ሁለቱንም ከሌሎቹ ለይቶ በጨርቅ ጠቀለላቸው።

"አብሽር፣ ለማንም አልሸጣቸውም። ሂድና ወሩን ጠይቀህ ና።"

ወሩን የምታውቀው አንዲት ሰው ናት። እናቴ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ ነው የምትኖረው፤ ዳገቱን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ወጣሁት። ተማሪዎቹ ሽበቴን እያዩ "ኣቦይ" እያሉ መንገድ ይለቁልኛል። የዚያን ቀን አልከፋኝም፤ ሁሉም ለታላቅነቴ ምስክር ሆነው የወጡልኝ መሰለኝ። እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የምታወራው በትግርኛ ነው፤ ያለችውን በአማርኛ ልጽፈው እሞክራለሁ፤ ቁንጥጫው ግን ተተርጉሞ አይመጣም።

"ኣደይ፣ በየትኛው ወር ነው የወለድሽኝ?"

"በወር አልወለድኩህም ወደይ።"

"በምን ወለድሽኝ ታዲያ?"

"በጳጉሜ። ጳጉሜ ወር ናት እንዴ? የቀን ፍርፋሪ ናት። በስድስተኛዋ ቀን ነው የመጣኸው። ሌላ ጊዜ አምስት ቀን ናት፤ አንተ ግን ሰው ሁሉ ለዕንቁጣጣሽ ጉድ ጉድ ሲል፣ በተረፈችው ቀን ልምጣ ብለህ አስጨነቅኸኝ። ቄሱ መጥተው 'ዘመነ ሉቃስ ሲወጣ የገባ ልጅ' አሉህ።"

ደስ አለኝ። አንደኛ፣ ወሩ ታወቀ፤ ጳጉሜ የዓመቱ መጨረሻ ስለሆነች ብዕሬ የጠጅ ቀለሙ ሰባ ሦስት ነው። ሁለተኛ፣ ጳጉሜ ስድስት የተወለደ ሰው በየአራት ዓመቱ አንዴ ብቻ ነው የሚያረጀው ብዬ ራሴን አሞገስኩ። ምስሩን እያገዝኳት በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው። ስልሳ አምስት ደግሞ… ማቴዎስ ሆነብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። ማቴዎስ። ሦስተኛ ጊዜ ከሌላው ጣት ጀመርኩ፤ ማቴዎስ ንቅንቅ አላለም። ሉቃስ ያለው ወይ ስልሳ ሦስት ላይ ነው፣ ወይ ስልሳ ሰባት ላይ።

ሰው ሲሰምጥ የሚይዘውን አያማርጥም። "በስልሳ ሦስት ነዋ የተወለድኩት" አልኳት፤ በዚያ ሂሳብ እንዲያውም የባሰ ታላቅ ልሆን ነው።

"በስልሳ ሦስት አባትህን መች አወቅሁትና?"

ከምስሩ እጄን አነሣሁ። እሷ ግን ምስሯን እየለቀመች ቀጠለች።

"ስልሳ ሰባት ነው። ቆርቆሮ ቤታችንን የሠራን ዓመት።"

"ትምህርት ቤት ታዲያ ስልሳ አምስት የሚለው ከየት መጣ?"

"ከጆሮህ።"

"ከምኔ?"

"ሰፈሩን አስቸገርክ። የሰው ዶሮ ታሯሩጣለህ፣ ለሴቶች ቅጽል ስም ታወጣለህ። አምስት ዓመት ሲሞላህ ትምህርት ቤት ወሰድኩህ፣ ይገላግሉኝ ብዬ። መምህሩ እንደ ደንቡ 'እጁን በራሱ ላይ አዙሮ ጆሮውን ይንካ፤ ከነካ ደርሷል' አለ። ጣትህ ትንሽ አጠረች። መምህሩ ዞር ሲል ጆሮህን ወደ ላይ ሳብኩልህ፤ ነካህ፤ ሰባት ዓመት ተብለህ ገባህ።" ፊቴን አየት አድርጋ አንገቷን ነቀነቀች። "ግራው ነው። አሁንም ያስታውቃል።"

ግራ ጆሮዬን ዳሰስኩት። እውነቷን ነው፤ ከቀኙ ይረዝማል። ዕድሜ ልኬን ሬዲዮ ከማድመጥ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

"ምነው ዛሬ ጠየቅኸኝ?" አለችኝ።

"ብዕር ልገዛ ነው።"

"ብዕር ለመግዛት የልደት ቀን ይጠየቃል? ይህች ከተማ ምን ሆነች።"

ዳገቱን ስወርድ አልቀለድኩም። ስልሳ ሰባት። አጎትየው ስልሳ ስድስት። ያ ሁሉ መነሣት፣ ያ ሁሉ ውኃ፣ ያ ሁሉ "ኣያ" ለታናሽ የተሰጠ ነበር። የመጀመሪያው መስመር የእሱ ነው ማለት ነው። ልጅቷን ጣቷን ይዤ ማስጻፌ ስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ ሚስቴ ያለችው "ታላቃችሁ" ነው፤ "ያስጻፋት" አላለችም። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን የሚያውቀው ማነው? እናቴ። እናቴ ደግሞ በጉልበቷ ምክንያት ከእንዳ ኢየሱስ አትወርድም። ዝም ብዬ የጠጅ ቀለሙን ሰባ ሦስት ገዝቼ ብፈርምበት የሚጠይቀኝ የለም።

ይህን እያሰብኩ ነጋዴው ዘንድ ደረስኩ። የተጠቀለለውን ጨርቅ ፈታልኝ። የጠጅ ቀለሙን አንሥቼ ካርቶኑ ላይ ስሜን ጻፍኩ። ጥሩ ይጽፋል። ግን የማን እንደሆነ ያልታወቀ ኮት እንደለበስኩ ሆነብኝ። በዕድሜዬ ለሰው ዋሽቻለሁ፤ ለብዕር ግን ዋሽቼ አላውቅም። እጄ እምቢ አለ።

"ሰባ አምስት አለህ?" አልኩት።

ነጋዴው ትክ ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ስትመጣ ስልሳ አምስት ነበርክ። ቀጥለህ ሰባ ሁለት፣ ሰባ ሦስት አልክ። አሁን ሰባ አምስት ሆንክ። በመጣህ ቁጥር ልጅ እየሆንክ ነው፤ ለአራተኛ ጊዜ ከመጣህ እርሳስ ነው የምሰጥህ።"

ቆርቆሮውን እንደገና ዘረገፈ። ሰባ አምስት የሚለው አንድ ብቻ ነበር፤ ያ በጣቴ የገፋሁት አጭሩ፣ ወፍራሙ፣ የሰናፍጩ። ወገቡ ላይ ቀለበት የለውም፤ ወገብ ራሱ የለውም። ክዳኑ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። እየሳቅሁ አነሣሁት። እኔን የሚያውቅ ሰው ካገኘው "ይህ የእሱ ነው" ብሎ ቤቴ ድረስ ያመጣው ነበር። ጫፉን ቀለም ነክሬ ካርቶኑ ላይ ሳሳርፈው ግን፣ ምን ልበላችሁ፤ መስመሩ ሳይነካኩት ይሄዳል፣ ጥምዝ ላይ ይወፍራል፣ መነሻ ላይ ይቀጥናል፣ ቀለም አይሰስትም። እንዲያውም ትንሽ ያበዛል፤ እንደ እኔ ያጋንናል። ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ በፊት ስሜን ለሌላ ሰው ስጽፍ የኖርኩ እስኪመስለኝ ድረስ አምሮ ወጣ። ጥቁሩን መልሼ እሱን ያዝኩ። ለሦስት ቀን ያህል ቢሮ ውስጥ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ በእሱ ፈረምኩ፤ ፊርማ የማይጠይቀውንም ጭምር።

ለሰው ግን አልተናገርኩም። ከፈረምኩ በኋላ እናገራለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ከፈረሙ በኋላ የሚነገር እውነትም እውነት ነው፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ።

ቀኑ ደረሰ። ሳሎናችን በሰው ሞላ፤ የሙሽራው ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላ ወገን ተቀመጥን። ልጅቷ ነጭ ለብሳ በእኔና በአጎቷ መካከል ነበረች። ውሉ ተነበበ። ብዕሬን ከደረት ኪሴ አወጣሁ፤ ክዳኑን ስፈታ አውራ ጣቴን አኃዙ ላይ አሳረፍኩ።

"ልየው እስቲ" አለ አጎትየው።

ለሳሙና ያልማረ ሰው ለብዕር አይምርም። ሰጠሁት። ገለበጠው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤ አነበበ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ስምንት እየቀነሰ ነው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፤ ወደ ረጅሙ።

"ኣያ። ስልሳ ሰባት።"

"አውቃለሁ" አልኩት በሹክሹክታ። "ከፈረምኩ በኋላ ልነግርህ ነበር።"

"እኔም አውቃለሁ። በሠርጋችሁ ሰሞን እናትህ ለእኅቴ ነግረዋታል። የጳጉሜውንም፣ የጆሮውንም።"

ሚስቴን ቀና ብዬ አየኋት። ጣራውን ታያለች።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ኣያ ትለኛለህ?"

ትከሻውን ሰበቀ።

"ደስ ይልሃላ።"

"ባባ" አለች ልጅቷ ፈገግታዋን ለእንግዶቹ ሳታጥፍ፣ "እኔም አውቃለሁ። ፈርም፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

አጎትየው ብዕሩን እጄ ላይ መልሶ አኖረው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሽማግሌዎቹ "በእኛ በኩል ታላቃችን መርቆ ይፈርማል" አለና ከወንበሩ ተነሣልኝ።

ተነሥቼ መረቅኋት። ምን እንዳልኩ በሙሉ አላስታውስም፤ "ቤትሽ በሩ የማይዘጋ ይሁን፣ የገባው ሁሉ ጠግቦ ይውጣ" ማለቴን፣ አሜን ሲሉ ጣራው መነሣቱን አስታውሳለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ በላይኛው መስመር ላይ ፈረምኩ። ፊርማዬ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም፤ የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ሳይቀሩ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው አዙረው "እጅ ይባረክ" አሉ። ያቺን ልጅ ሳያት፣ ፊርማዬን ሳየው፣ ያን ወፍራም ብዕር ሳየው፣ በመቐለ ከእኔ በላይ የኮራ ሰው ነበር ብትሉኝ አላምናችሁም።

በእኛ ወግ ሰው በር ላይ ሲገናኝ እንኳ "አንተ ቅደም"፣ "ኧረ አንተ ቅደም" እየተባባለ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ይቆማል፤ ታናሽ የሆነ ደግሞ ቢያንስ ሦስቴ እምቢ ማለት አለበት። ታናሽ መሆኔን አውቅ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ለወጉ እንኳ "አንተ ቅደም" አላልኩትም።